ፊልትሮውን ሰንጥቄ ካየሁ በኋላ

ዓባይ በረሃን ጭነት ይዞ የወጣ ሹፌር የምለውን ያውቀዋል። ከደጀን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬንህን እየቆጠብክ ትወርዳለህ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ወላፈኑ በመስኮት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው ዳገት ይቀበልሃል። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። መኪናህ የደበቀችህ ሕመም ካለ እዚያ ላይ ይወጣል።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ 70 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ከብቸና ወደ አዲስ አበባ እየመጣሁ ነበር። መኪናዋ አይሱዙ ኤፍኤስአር ናት፤ ያኔ ገና ዕዳዋን ከፍዬ አልጨረስኩም። ድልድዩን ተሻግሬ ጥቂት ጥምዞች እንደወጣሁ ጉልበቷ ይከዳት ጀመር። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ አይመልስልኝም። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፤ ትንሽ ተንፈስ ያለች መሰለች፤ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ተንዘፈዘፈችና ዝም አለች። ረዳቴ ሳልነግረው ከጎማ ሥር የሚጣለውን ታኮ ይዞ ዘሏል። እኔ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ እግሬን ከእግር ፍሬኑ ላይ ሳላነሳ፣ «ጣልክ?» እያልኩ እጮሃለሁ። «ጥያለሁ!» እስኪለኝ ድረስ ያለችው ጊዜ ዛሬም ትዝ ትለኛለች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር።

ሞተሪኖ ብንመታ አልነሳ አለች። ባትሪው እንዳይደክም ተውነው። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፈትኩ፤ የክዳኑ አየር መተንፈሻ በአቧራ ሲደፈንም መኪና ልክ እንዲህ ትሆናለችና። እሱ ደህና ነው። ቀጥሎ ናፍጣው ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ከሚያጣራው ናፍጣ ፊልትሮ ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ላላ አደረግኩና የተቆረጠ ሃይላንድ ደቀንኩበት።

ያን ሃይላንድ አልረሳውም። ረዳቴ የስልኩን መብራት ከጀርባው ያዘልኝ። ከላይ ሻይ የመሰለ ናፍጣ አለ። ከሥሩ፣ ቢላ የቆረጠው በሚመስል መስመር ተለይቶ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ። ከውሃው በታች ደግሞ ቡና አተላ የመሰለ ደለል። ከሁለት ቀን በፊት ማደያው ደርቆ ስላገኘሁት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተሞላ 80 ሊትር ገዝቼ ነበር። በርሜሉን አይቼዋለሁ፤ አፉ ዝጓል፤ ቸኩያለሁና ዝም ብዬ አስቀዳሁ።

መለዋወጫ ፊልትሮ አልያዝኩም። ሁለት መኪና አስቆምን፤ የመጀመሪያው ሲኖትራክ ነው፣ የሱ ፊልትሮ ለእኔ አይገጥምም። ሁለተኛው እንደኔው አይሱዙ የሚነዳ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ከወንበሩ ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ፊልትሮ አወጣ። ገንዘብ ስሰጠው «መንገድ ነው ልጄ፣ ነገ ለሌላው ትሰጣለህ» ብሎ እጄን መለሰው። ፊልትሮውን ገጥመን፣ የእጅ ፖምፓዋን እየመታን አየሩን አስወጣን። አረፋው እየተንቦጫረቀ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ በመጨረሻ ናፍጣው ያለ አንዳች አረፋ እንደ ክር ሲወርድ ቡሎኑን አጠበቅን። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጨልሟል።

ታሪኩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች፣ ከተነሳችም በኋላ እየተንገጫገጨች መጣች። ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የምትልከው ዋናዋ ፖምፓ ተፈታች። የፈታው ባለሙያ በውስጧ ያለውን ትንሽ ብረት በጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረልኝ፤ መስተዋት መምሰል የነበረበት ገላ ላይ ጭረት አለ፣ ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ አለ። ለዚያ ጥገና የከፈልኩት ከሠላሳ ፊልትሮ በላይ ይገዛልኝ ነበር። መኪናዋ የቆመችባቸውን ቀናት አልቆጠርኩም።

ከዚያ ወዲህ ወጣት ሹፌሮች «ጋሼ፣ ናፍጣ ፊልትሮ በስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው?» ሲሉኝ አንድ ቁጥር ሰጥቼ ልገላገላቸው አልችልም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የማምንበትን መልስ ለማግኘት ግን ብዙ ፊልትሮ ሰንጥቄያለሁ።

የመኪናውን መጽሐፍ ካየን ቁጥሩ አለ። እኔ ያገላበጥኳቸው የጭነት መኪና መጻሕፍት እንደየሞተሩ ከ15,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ይላሉ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የተጻፈው ናፍጣው ከማደያው ንጹሕ ሆኖ ለሚወጣበት፣ መንገዱም አስፋልት ለሆነበት አገር ነው። እነዚያው መጻሕፍት ራሳቸው አቧራ ለበዛበትና ነዳጁ ለማያስተማምንበት ቦታ ጊዜውን አሳጥሩ ይላሉ፤ ብዙዎቻችን ያቺን መስመር ሳናነብ እናልፋታለን። እኛ አገር ናፍጣው የሚመጣው ከጅቡቲ በቦቴ ነው። ከመርከብ ወደ ዴፖ፣ ከዴፖ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያው ጉድጓድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን። በተገለበጠ ቁጥር አቧራ ይቀላቀለዋል፤ በቆመበት ሁሉ ውሃ ይጠራቀምበታል።

ውሃው ሁልጊዜ ሰው የጨመረው አይደለም። ይህን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ማደያውን ብቻ ስንወቅስ የራሳችንን ታንከር እንረሳለን። አዋሽ ወይም መተሐራ በሙቀት ውለህ፣ ማታ ግማሽ ታንከር ይዘህ ደብረ ብርሃን ብታድር፣ ባዶው ቦታ ላይ ያለው አየር በሌሊቱ ብርድ ይጤዛል። ጤዛው በታንከሩ ግድግዳ ወርዶ ከሥር ይተኛል፤ ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና። ስለዚህ ነው የድሮ ሹፌሮች «ታንከርህን ሞልተህ እደር» የሚሉት። ለብዙ ዓመት ሌባ ፈርተው ይመስለኝ ነበር።

ፊልትሮው ምን እንደሚጠብቅልን ሳንረዳ ስለ ኪሎ ሜትር መነጋገር ዋጋ የለውም። በፖምፓና ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ በሚረጨው ኢንጀክተር ውስጥ ያሉት ብረቶች እርስ በርስ የሚንሸራተቱበት ክፍተት ሁለት ሦስት ማይክሮን ያህል ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ነው፤ የራስ ፀጉራችን 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ዓይናችን የማያየው አቧራ እዚያ ውስጥ ሲገባ እንደ ሞረድ ይሠራል። በዚያ ላይ እነዚህ ብረቶች ሌላ ዘይት የላቸውም፤ የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ዝገቱ ይጀምራል። ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልም ልስላሴው ይቀንሳል፤ ይህንን ግን የትኛውም ፊልትሮ አይዝልንም። ፊልትሮ ደለልን ያስቀራል፣ ውሃን በአብዛኛው ይለያል፤ ነጭ ጋዝ ግን እንደ ናፍጣው ሁሉ በወረቀቱ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ፊልትሮ ቶሎ እቀይራለሁ ብሎ ያገኘውን ሁሉ የሚቀዳ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

በአዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች፣ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ይዘው ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍሉት፣ ነገሩ ይብሳል። የጭነት መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ይነፋል። በእነዚህ ሞተሮች የናፍጣው ግፊት 1,600 ባር ይደርሳል፣ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። ከጎማው 200 እጥፍ ማለት ነው። የድሮው ፖምፓ ቆሻሻ ሲገባው እየደከመ፣ እያስጠነቀቀ ይሄዳል፤ የአሁኑ ኢንጀክተር ያን ያህል አይታገስም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምን፦ በድሮዎቹ መኪኖች አየር ለማውጣት የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት ለምደናል። በኮመን ሬይል ላይ ሞተሩ እየሠራ ያንን ቱቦ እንዳትነኩ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ይሁን እንጂ እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል።

ከዓባዩ በኋላ የጀመርኩት ነገር ፊልትሮ መሰንጠቅ ነው። የቀየርኩትን አልጥልም። አንድ ሌሊት ገልብጬ አንጠፈጥፈውና በብረት መጋዝ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ቆርጬ፣ ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቼ እንደ መቀነት እዘረጋዋለሁ። ስትዘረጋው ከቁመትህ ይበልጣል። ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በደብተሬ ላይ ቀኑን፣ የቆጣሪውን ቁጥር፣ በመካከሉ የት የት እንደቀዳሁ እጽፋለሁ።

ወረቀቱ ብዙ ይናገራል። ቀይ ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው፤ ወይ ከራስህ ታንከር፣ ወይ ከሰው በርሜል የመጣ። ግራጫና በጣት ሲነኩት የሚሻክር ከሆነ አቧራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክዳኑ በደንብ አይዘጋም ማለት ነው። ወረቀቱ ተጨማዶ እንደ ባሕር ሞገድ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥቁር፣ ዝልግልግ የሚል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ነገር አገኘሁ። ቅባት መስሎኝ ነበር። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ገጽ ላይ የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባክቴሪያና ፈንገስ። ያንን ጊዜ ፊልትሮ መቀየር አልበቃም፤ ታንከሩን አውርደን አጠብነው።

ደብተሬ ያሳየኝን በአጭሩ ልናገር። አንድ ክረምት በጀሪካን እየቀዳሁ የሠራሁበት ፊልትሮ በ3,200 ኪሎ ሜትር ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሆኖ ነበር። ከሁለት የማውቃቸው ማደያዎች ብቻ እየቀዳሁ በበጋ የሠራሁበት ደግሞ በ10,000 ሲወጣ ወረቀቱ ገና ቢጫነቱን አልለቀቀም። መኪናዋ ያችው፣ ሹፌሩ ያው፣ መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱ የቀዳሁበት ቦታ ነው።

ኪሎ ሜትሩ ራሱ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ሞተሩ ከሚያቃጥለው የሚበልጥ ናፍጣ በፊልትሮው አልፎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ ስለዚህ መኪና ቆማም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ፊልትሮው እየሠራ ነው። ወረፋ ላይ ሞተር ሳያጠፋ የሚውል፣ ካባ ውስጥ ድንጋይ የሚያመላልስ ገልባጭ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ላይሞላ ይችላል፤ ፊልትሮው ግን አሥር ሰዓት ሠርቷል። የግንባታ ማሽኖች በሰዓት የሚቆጠሩት ለዚህ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ የናፍጣ ፊልትሮ 500 ሰዓት ይባላል። ቆጣሪያቸው ከተበላሸ ዓመታት ያለፋቸው መኪኖች ደግሞ ሞልተዋል። የእነሱ ባለቤቶች በስንት ኪሎ ሜትር ሲሉኝ በቅድሚያ ደብተር እንዲገዙ ነው የምነግራቸው።

ከፍታውም አለበት፤ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ፖምፓዋ ከታንከር ናፍጣ «ትስባለች» እንላለን። በእውነቱ ናፍጣውን የሚገፋው ታንከሩ ላይ ያለው አየር ነው። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ቆላ ላይ ምንም ሳያሳይህ ሊሄድ ይችላል፤ ደጋ ስትወጣ፣ ጭነት ይዘህ፣ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲጠይቅ ይገለጣል። «ሚሌ ላይ ደህና ነበረች» የሚለውን ስሞታ ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ፊልትሮውን ነው። ጥቁር ጭስ እያጨሰች ጉልበት ካጣች ግን ወደ አየር ፊልትሮው ተመልከት። የናፍጣ ፊልትሮ ሲደፈን ናፍጣው ያንሳል እንጂ አይበዛም፤ ጭስ አይጨምርም።

ሰዎች የሚያጥቡት ነገር አለ። ፊልትሮ አውጥተው በናፍጣ ነክረው በኮምፕረሰር የሚነፉ አሉ። እኔም ረዳት ሆኜ አጎቴ ጋ ስሠራ አድርጌዋለሁ፤ የዚያ ዘመን መኪኖች አንዳንዶቹ ታጥቦ የሚመለስ ወንፊትና ጨርቅ ስለነበራቸው ልማዱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ወረቀት ግን አይታጠብም። የኮምፕረሰሩ ነፋስ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ቦታ ይቀደዋል፣ ያን ጊዜ መኪናዋ ጉልበቷ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ጉልበቷ የተመለሰው ግን ናፍጣው ሳይጣራ ስለሚያልፍ ነው። ርካሽ የተባለ አስመስሎ የተሠራ ፊልትሮም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ሰንጥቄው ወረቀቱ ከጫፉ ላይ ሙጫው ለቆ ክፍት ነበር። ከውጭ ቀለሙም ጽሑፉም ከትክክለኛው አይለይም። ሶማሌ ተራ ወርጄ ስገዛ አሁን ሚዛኑን በእጄ አያለሁ፣ ጎማውን በጥፍሬ እጫናለሁ፣ ከማውቀው ሰው በቀር አልገዛም።

ታዲያ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ብቀይረውስ የሚለኝ አለ። እሱም ጥሩ አይደለም፤ ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ፊልትሮ ጥቂት ሲሠራ ወረቀቱ ላይ የተጠራቀመው ደለል ራሱ ቀዳዳዎቹን እያጠበበ ይበልጥ ያጣራል፤ እስኪደፈን ድረስ እየተሻሻለ የሚሄድ ዕቃ ነው። በተጨማሪ በከፈትከው ቁጥር ቆሻሻ የሚገባበት በር ትከፍታለህ። መንገድ ዳር፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ በቆሸሸ ጨርቅ እየጠረግክ የምትቀይረው ፊልትሮ ሳይቀየር ከሚቆየው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። አዲሱን ፊልትሮ በጀሪካን ናፍጣ በመሐሉ ቀዳዳ ሞልቶ መግጠምም እንዲሁ ነው። መሐሉ የተጣራው የሚወጣበት በኩል ነው፤ እዚያ ያፈሰስከው ምንም ሳያግደው ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል። በእጅ ፖምፓዋ መምታት ያደክማል፣ ግን እሱ ነው መንገዱ።

ቁጥር ካስፈለገ የራሴን እሰጣለሁ። የእኔ ኤፍኤስአር የድሮው ፖምፓ ያላት ናት። የሞተር ዘይት በየ5,000 እቀይራለሁ፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ስምንት ደርሶ መልስ ገደማ ይሆናል። በበጋ፣ ከማውቃቸው ማደያዎች እየቀዳሁ ከሆነ፣ ናፍጣ ፊልትሮውን በሁለት ዘይት አንዴ፣ ማለትም በ10,000። በክረምት፣ ወይም በጀሪካን ለመቅዳት የተገደድኩበት ወቅት ከሆነ፣ በየዘይቱ። ከፊልትሮው ውሃ በማፈስበት ሃይላንድ ሥር ከአንድ ጣት በላይ ውሃ ካየሁ ግን ቁጥሩን አልጠብቅም፤ ታንከሩን ከሥሩ አፍስሼ ፊልትሮውን ያኑ ቀን እቀይራለሁ። ኮመን ሬይል ለያዘ ሰው የመጽሐፉን ግማሽ እላለሁ፤ ውሃ መለያው ካለውም የዳሽቦርዱን መብራት ሳይጠብቅ ያፍስስ። ብዙ የማትሠራ መኪና ደግሞ በዓመት አንዴ።

ውሃ ማፍሰሱ ከመቀየሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጠዋት፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ከሥር ስለሚገኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ ታኮ ይዞ የዘለለው ረዳቴ ዛሬ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ መኪናዋን የሚይዛት እሱ ነው፤ እኔ ወገቤን ስላመመኝ ረጅም መንገድ ትቻለሁ። ከወንበሩ ኋላ ሁልጊዜ ሁለት ፊልትሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የሌላ ሰው። ባለፈው ዓመት ያንን ሁለተኛውን ፍቼ አካባቢ ቆሞ ላገኘው ልጅ ሰጥቶታል።

ጠዋት ጠዋት ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ የጠራ፣ ማር የመሰለ ናፍጣ ነው፤ አውራ ጣት መልሼለት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ትናንት ከደጀን የላከው ላይ ከሥር ቀጭን መስመር ነበረች። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ጣት አይሞላም፣ ግን ውሃ ነው።

«ትናንት የት ነው የቀዳኸው?» ብዬ ጻፍኩለት።